ጥቁሩ ወደ ውጭ

ጥር 14 ቀን 1971፣ ሰኞ፣ አሰበ ተፈሪ

ሐረር እሄዳለሁ፤ ግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ግን አልገባም። ኋላ ልቤ ቢወላውል እንዳፍርበት ዛሬውኑ ጽፌ ላስቀምጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ብሩ ጠዋት ተነሥቶ፣ «ለደንብ ልብስ ስፌት ሥልጠና ሐረር የሚሄዱት ጓድ ኩብራ አብዱላሂና ጓድ ፈለቀች ናቸው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «እሰይ፣ የእናትሽን አገር ልታዪ ነው!» «ግንቡ ውስጥ አክስት አለሽ አይደል?» «እንግዲህ ሽቶሽን ተቀቢ!» ምን አገባችሁ! ዘመድ የለኝም አልኳቸው። ፈለቀች ብቻ ዝም ብላ አየችኝ። እሷን የምፈራት ዝም ስትል ነው። ከጎኔ ተቀምጣ ስትሰፋ ስንት ዓመቷ፣ አፏ ሥራ የፈታው እናቴ የሞተች ቀን ብቻ ነው።

ጥር 17፣ ሐሙስ

የስፌት መኪናዬ ታመመ። የታችኛውን ክር የሚይዘው ብረት ተሰንጥቆ ጨርቁን ያኝካል። የተማሪ ሱሪ በልቶብኛል። ጨርቅ ነጋዴው ኦቦ ታጁዲን ብረቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ያ ኩብራ፣ ይሄ ድሬዳዋም የለ። መኪና ግርግር ነው የምታገኚው» አለኝ።

መኪና ግርግር! ጀጎል ውስጥ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊ የተደረደረበት መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት የመኪኖቹ ጩኸት ነው። የእናቴ ቤት ደግሞ ከጀርባው ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ብረት እንኳ ተመካክሮብኛል።

ፈለቀች ትገዛልኛለች። እኔ ከግንቡ ውጭ እጠብቃታለሁ።

ጥር 20፣ እሑድ

ሥራ የለም፤ መብራትም አልጠፋም። እንግዲህ አንጀቴን የሚያሳርረውን ልጻፈው።

እናቴ ረዲያ የጀጎል ልጅ ነበረች። አባቴ የጨርጨር ኦሮሞ፣ ጫት ነጋዴ። ተዋደዱ። አባቷ «ከግንቡ ውጭ ልጅ አልሰጥም» አሉ። እሷ ደግሞ ሻንጣዋንና የስፌት መኪናዋን አስጭና ወጣች፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ስሟ በቤታቸው እንዳይነሣ ከለከሉ። ታናሽ እህቷ ዘይቱና ብቻ በአንድ ነጋዴ ሰላምታ ትልክላት ነበር፤ እናቴም ትመልሳለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰላምታ ብቻ። ያ ነጋዴም ጦርነቱ ሲመጣ ጅቡቲ ገብቶ ቀረ።

እናቴ አንድ ነገር አለቅም አለች፤ አፎቻዋን። አፎቻ የሐረር ሴቶች ማኅበር ነው፤ እንደኛ እድር ነው፣ ግን ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ላይ ይቆማሉ። «አባቴ ቢቆጣ ይቆጣ፤ አፎቻ የራሱን ሰው አይጥልም» ትለኝ ነበር። «ስሞት ታያለሽ፣ ሴቶቹ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርገው ይመጣሉ።» ቀሚሱን ማለቷ ነው። የእነሱ ቀሚስ በሁለት ፊት ይለበሳል። ለደስታ ቀዩ ወደ ውጭ፤ ከቤት ሰው ሲሞት ይገለበጥና ጥቁሩ ወደ ውጭ። የሙሽርነቷን ቀሚስ ይዛው መጥታ ነበር፤ አሁን ሣጥኔ ውስጥ ነው። የስፌቱ መጨረሻ በየትኛው ፊት እንደተደበቀ እስከዛሬ አላገኘሁትም፤ እኔ በስፌት የማድረው ሴትዮ።

የሞተችው አምና በመስከረም መጨረሻ ነው፣ ጦርነቱ ሐረር ደጃፍ የደረሰ ጊዜ። የዚያኑ ቀን ለሹፌሩ ለጋሽ ተሻለ ነገርኳቸው። «ሐረር እንደደረሱ ለእህቷ ለዘይቱና ይንገሩልኝ» አልኩ። «ምን ነካሽ፣ ሳላድር!» አሉኝ። ቀበርናት። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሆነ፣ ሰባት ቀን ሆነ። ኦሮሞው መጣ፣ አማራው መጣ፣ ጉራጌው መጣ። ከጀጎል አንዲት ሴት ብቅ አላለችም። በሰባተኛው ቀን ጎረቤቴ እማማ ሳህሊቱ ለሌላዋ ሴት፣ «ምስኪን ረዲያ፣ ለካ ወገን አልነበራትም» ሲሏት ሰማሁ። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ጦርነት ነበር ይሉኛል። እህቱ ለሞተችበት ሰው ጦርነት ምኑ ነው? ጦርነቱስ አላለቀም?

የእናቴን የመጨረሻ ቀን ግን አልጽፈውም።

ጥር 24፣ ሐሙስ

ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ዋልኩ። ጸሐፊው «ሐረር የሚያርፉበት ዘመድ?»
«የለም።»
«እናትዎ የጀጎል ሰው ነበሩ ይባላል።»
«ሞታለች።»
«ሌላ ዘመድስ?»
«እሱም ሞቷል።»

«ዘመድ የላትም» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን አጥፌ ይዤ ወጣሁ።

ጥር 27፣ እሑድ

በባቡር የመጣ አቡጀዲ ለመግዛት ሚኤሶ ወርጄ ነበር። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ማሽላው ቆሞ ደርቋል። መመለሻ መኪና ጠፋና በጋሽ ተሻለ ጭነት መኪና መጣሁ። ኦቦ ታጁዲንም አብሮን ነበር፣ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን።

ጋሽ ተሻለ ከለቅሶዬ ወዲህ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። የዛሬው ግን መንገድ አይቀየርበትም። እንግዲህ ስለ ሐረር ጉዞዬ ሲነሣ ኦቦ ታጁዲን ሳቀና፣ «አሁንማ መንገዱ ገነት ነው! አምና መስከረም እኮ ጨለንቆ ላይ ወታደር አስቁሞን፣ ወዲያ ማዶ ወፍ አይሻገርም ብሎ መለሰን። ታስታውሳለህ ተሻለ? ያን ሰሞን ሐረር የገባ መኪና አለ እንዴ?» አለ።

ጋሽ ተሻለ «ዝም በል፣ ልንዳበት» አሉ። ዳገቱ ላይ ማርሹ ጮኸ።

አቡጀዲው ጥሩ ነው፤ ወፍራም ነው። ኦቦ ታጁዲን ወሬ ያበዛል። ጨለንቆ ከሐረር ወዲህ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ምን አገባኝ፤ የጦርነት ወሬ ለኔ ምን ያደርግልኛል። ልተኛ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አቡጀዲውን ለካሁት፤ ጎድሏል።

የካቲት 2፣ ዓርብ

ቀሚሱን ከሣጥን አወጣሁት። ልወስደው ነው። ፈለቀች አየችኝ።

«አልገባም ያልሽው የት ሄደ?»
«አልገባም። በአንቺ እልክላቸዋለሁ። ንብረታቸውን ይረከቡ፤ ቀብሩን ግን ሌላ ሰው ቀብሮላቸዋል ትያቸዋለሽ።»
«እኔ? በማርያም ተይኝ! የራስሽን ስድብ ራስሽ አድርሺ።»

የካቲት 4፣ እሑድ፣ ሐረር

ደረስን። አቧራ በላን። ሂርና ሻይ፤ ቆቦ ፍተሻ። ጨለንቆ አውቶብሱ ቆመ፤ ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ። ድንጋይና የወታደር ድንኳን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። እዚያ ብዙ ቆሜ ማየቴን ፈለቀች ነገረችኝ። «ምን ጠፋብሽ?» አለች። ምንም አልጠፋብኝም።

ማደሪያችን ከግንቡ ውጭ ነው። በመስኮቱ ግንቡ ይታያል። አልጋዬን አዙሬ ራስጌዬን ወደ መስኮቱ አደረግሁት፤ ስተኛ እንዳላየው።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ደሜ ፈልቷል።

ከሥልጠና ስንወጣ ፈለቀች ብረቱን ልትገዛልኝ ገባች። እኔ በሸዋ በር በኩል ከግንቡ ሥር ቆምኩ። የመኪኖቹ ድምፅ እስከ በሩ የሚሰማ መሰለኝ፤ አይሰማም፣ ሩቅ ነው። ቆይታ ባዶ እጇን ተመለሰች። አሮጌውን ብረት ካላየን አንሰጥም አሏት፤ ልኩ ብዙ ነው። እሺ፣ ይሁን። ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

«ምንድን ነው?»
«ከአሰበ ተፈሪ ነኝ ስለው ሰፊው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የኛዋ ረዲያ እንዴት ናት? ደህና ናት? መኪናዋ ይሠራል?›»

ክንዷን ያዝኩት።

«አንቺስ ምን አልሽው?»
«ምን ልበለው? መሞቷን ሳልነግረው ወጣሁ። ኩብራ፣ ሰውየው ከልቡ ነው የጠየቀኝ…»

ከልቡ! እያላገጡባት ነው! ሞታ እንኳ አይተዋትም! ቀብሯን ረስተው «ደህና ናት?» ይበሉ? ዓመት ከመንፈቅ አፈር የበላትን ሴት?

እገባለሁ። ነገ እገባለሁ። ቀሚሱን ለብሼ፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ በመኪና ግርግር መሀል አልፌ፣ ሁሉም እያየኝ። እነሱ ያላለቀሱትን ለቅሶ እኔ ደጃቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ።

ፈለቀች፣ «አንቺ፣ ሐዘን እኮ ዓመት ሲሞላው ይወጣል፤ አሁን ጥቁር ብትለብሺ ሰዉ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ለነሱ ገና አልጀመረም» አልኳት።

የካቲት 7፣ ረቡዕ

በአክስቴ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ሴቶቹ ገና አልተበተኑም፤ ጥግ ይዤ ነው። ሁሉንም በተራ ልጻፈው እንጂ ይጠፋብኛል።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናውን ትቼ ገባሁ። ፈለቀች ከኋላዬ። መኪና ግርግር ላይ አንገቴን አቀናሁ። አንዱ ሰፊ ቀና ብሎ አየኝና እግሩን ከመርገጫው አነሣ። ቀጥሎ ያለውም። ባለፍኩ ቁጥር መኪኖቹ እየተከታተሉ ዝም አሉ። ይፈሩ፣ ይፈሩ እላለሁ በልቤ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የእናቴን ቤት ሳልጠይቅ አገኘሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ አጥንቼዋለሁ። ግቢው ክፍት ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዘይቱና መሆኗን በአገጯ አወቅኋት፤ የእናቴ አገጭ ነው። የምላትን ከመንገድ ጀምሬ በቃሌ ይዤው ነበር። «እህትዎን አፈር ሲያለብሷት የት ነበሩ?» ይህን ነበር የምላት።

ቀና አለችና ቀሚሱን አየች። ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ በቋንቋቸው።

ያጠናሁትን ልጀምር አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

ተነሥታ መጣች። የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ያዘች። «ይሄንን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። የረዲያ ነው። ኩብራ ነሽ አይደል? ረዲያስ? ረዲያ ናት? ዛሬ ነው? ትናንት ነው?»

«አምና መስከረም ነው» አልኩ።

ግራ እንደገባው ሰው አየችኝ። «አምና?» አለች። «አምና እኮ… ባለፈው ሳምንት እንኳ እኔ…» ከዚያ እሪ አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከየቀዳዳው ሴት ወጣ። ገቡ፣ ቀሚሴን አዩ፣ ስሟን ሰሙ፣ ኢናሊላሂ አሉ፤ አንዷ ወደሌላዋ ቤት ሮጠች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አላወቁም። አላወቁም ነበር።

ቀሚሱን እንደ ስድብ ነው የለበስኩት፤ እነሱ እንደ መርዶ አነበቡት። ለካ እዚህ አገር ጥቁሩ ወደ ውጭ ሲሆን ሌላ ትርጉም የለውም።

ከዚያ ደግሞ ተቆጡኝ! እኔ ልቆጣ በመጣሁበት! የአፎቻው ታላቅ፣ ከዘራ የያዙ ትልቅ ሴት፣ መሬቱን እየመቱ፣ «አንቺ! እህታችንን ቀብረሽ ይህን ሁሉ ጊዜ አፍሽን ይዘሽ ተቀመጥሽ? ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ።

«ልኬ ነበር!»
«በማን?»
«በሹፌር።»
«በሹፌር!» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል? ሞት በሹፌር ተልኮብናል! መርዶ በሴት አፍ፣ በደጅ ቆሞ ነው የሚነገር። እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም?»
«ጦርነት ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ፈለቀችም ሰማችው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አክስቴን የጠየቅኋት በኋላ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ምን ልትል እንደነበረ። አፎቻው በተሰበሰበ ቁጥር ስም ይጠራል። የእናቴ ስም ተሰርዞ አያውቅም፤ አያቴ ሲከለክሉም አልተሰረዘም። «ረዲያ» ሲባል «አለች» የምትለው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንትም ብላለች። አምና ኅዳር፣ መድፉ ሲያጓራ፣ ሴቶቹ ምድር ቤት ተሰብስበውም ብላለች።

አለቀስኩ። ሴቶቹ መሀል አስገብተውኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ማልቀሴ መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት።

የካቲት 9፣ ዓርብ

የይለፉ ቀን ዛሬ ያልቃል። ለቅሶው ገና ነው። ፈለቀች ትሂድ፤ እኔ አልነቃነቅም። ሥልጠናውንም አልጨረስኩ። ጓድ ብሩ ይገምግመኝ፣ ኬላም ይሰረኝ። የቀረሁት ለሐዘን ነው እላለሁ፤ እውነት ነው።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ፣ አሰበ ተፈሪ

ቆቦ ላይ ከአውቶብስ አወረዱኝ። ወታደሩ ወረቀቱን አየና «አልፎበታል» አለ። «እናቴን ስቀብር ነው» አልኩት። «መቼ ሞቱ?» ሲለኝ፣ «ረቡዕ» አልኩት። ለነሱ ረቡዕ ነው። ለቀቀኝ።

መናኸሪያ እንደወረድኩ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጋሽ ተሻለን ፈለግኋቸው። ጎማ ይፈታሉ። ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩበት አላገኙም።

«ጨለንቆ ላይ ተመለሱ አይደል?»

መፍቻውን አስቀመጡ። «ልነግርሽ መጥቼ ነበር፣ ወላዲተ አምላክን። በሦስተኛው ቀን ደጅሽ ድረስ መጣሁ። በሩን ከፍተሽ መንገዱን ታያለሽ። ያን ዓይንሽን አይቼ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ዓመት ሆነ። ከሚኤሶ ስንመጣ ታጁዲን ሲለፈልፍ ግን ሰምተሽ የለ?»

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ሰደብኳቸው። መናኸሪያው እስኪሰበሰብ ሰደብኳቸው፤ እርስዎ እያልኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። ሲደክመኝ፣ «ሴቶቹ ሊመጡ ነው» አልኩ። «አፎቻው ይለፍ እያወጣ ነው። ለቅሶዋን ቤቷ ድረስ መጥተው ይቀመጣሉ። የሚያመጧቸው እርስዎ ነዎት።»

«ሳላድር» አሉኝ። ከዚያ አፈሩና ጎማቸውን ያዙ።

ዛሬ ጓድ ብሩ ስብሰባ ላይ አስነሣኝ። «ጓድ ኩብራ ሥልጠናውን አቋርጠው ለኋላ ቀር ልማድ…» ሲል፣ «ኋላ የቀረስ እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፤ አንድ ዓመት ከአምስት ወር» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ብረቱም ተገኝቷል፤ ያ ሰፊ ሲሰጠኝ እጄን ይዞ አለቀሰ። መኪናዬ ይሠራል።

መጋቢት 2፣ እሑድ

መጡ።

መኪናው ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። አንድ በአንድ ወረዱ፣ ሁሉም ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርገው። ጋሽ ተሻለ ባለ ከዘራዋን እንደ ዕንቁላል አቅፈው አወረዷቸው፤ እሳቸውም በመሀል አንድ ሁለት ጊዜ በከዘራው ጠቅ አደረጓቸው። እማማ ሳህሊቱ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጥተው፣ «ኩብራ፣ እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው?» አሉኝ።

«የረዲያ ናቸው» አልኩ አፌን ሞልቼ። መንገዱ ሁሉ እንዲሰማኝ ደግሜ አልኩት።

ሴቶቹ ገቡ፤ ቤቱ አልበቃቸው አለ። አክስቴ ግን አልተቀመጠችም። ዙሪያውን አየች፣ የእናቴን የስፌት መኪና ዳሰሰች፣ «የት ተኝታ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

ቦታውን አሳየኋት። ሄዳ ልክ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ፊቷ ወዴት ነበር?»

የመጨረሻዋን ቀን አልጽፍም ብዬ ነበር። ያን ቀን እናቴ «መጡ?» ስትለኝ «መንገድ ላይ ናቸው» እያልኩ ነው የመሸው።

«ወደ በሩ» አልኳት።

አክስቴ ዞራ ወደ በሩ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ተጠጉላት። ባለ ከዘራዋ የአፎቻውን ስም በተራ ጠሩ፤ «ረዲያ» ሲሉ ማንም «አለች» አላለም።